ኦፕቲማይዜሽኑን ማጥፋት መፍትሔ አይደለም

ፕሮግራም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሲወድቅ «ኦፕቲማይዜሽኑን አጥፋው» የማይል ባልደረባ የለም። እኔም ሰምቼ ኮምፓይለሩ (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ኮዱን እንዲያፈጥን የሚያዘውን ኦ-2ን፣ ማፍጠኑን ወደሚያጠፋው ኦ-0 ቀየርኩ፤ ፕሮግራሙ ሠራ፣ ጉዳዩም ተዘጋ ተባለ። አልተዘጋም ነበር። ስህተቱ ተደበቀ እንጂ።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ እያንዳንዱ ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ የሥራ መስመር) የራሱ ቅጂ የሚኖረው ቫሪያብል (ዋጋ የሚይዝ የማስታወሻ ቦታ) አለ። የፕሮግራም ቋንቋዎቹ ሲ እና ሲ ፕላስ ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2011 መስፈርታቸው ውስጥ አስገብተውታል። ስሙ አንድ ነው፤ አድራሻው ግን በየትሬዱ ይለያያል። ኮምፓይለሩ ይህን አድራሻ አንዴ አስልቶ የፕሮሰሰሩ ፈጣን ማስቀመጫ በሆነው ሬጅስተር ውስጥ ይይዝና ደጋግሞ ይጠቀምበታል። ፈንክሽኑ በጀመረበት ትሬድ ላይ እስከጨረሰ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ኮሩቲን የሚባለው የፈንክሽን ዓይነት ግን መሐል ላይ ቆሞ ሌላ ትሬድ ላይ ሊቀጥል ይችላል። ያኔ ሬጅስተሩ ውስጥ ያለው የቀድሞው ትሬድ አድራሻ ነው። ፕሮግራሙ የሌላውን ትሬድ ቅጂ ያነባል፣ ይባስ ብሎም ይጽፍበታል።

ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት «ቮላታይል» የሚለውን ቃል መጨመር ነው። እኔም ሞክሬዋለሁ፤ አልጠቀመኝም። ቮላታይል ኮምፓይለሩን ዋጋውን በየጊዜው እንዲያነብ ያስገድደዋል፤ የሚያነበው ግን ከዚያው ከአሮጌው አድራሻ ነው። ላፕቶፔ ላይ ችግሩ አለመታየቱ ደግሞ የባሰ አሳሳተኝ። በኢንቴል ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ቫሪያብሉ ብዙ ጊዜ በኤፍኤስ ሬጅስተር በኩል በቀጥታ ስለሚነበብ ተይዞ የሚቆይ አድራሻ ላይኖር ይችላል። በ64 ቢት አርም ላይ ግን የትሬዱ መነሻ አድራሻ አስቀድሞ ወደ ተራ ሬጅስተር መገልበጥ አለበት። የወደቀውም እዚያ፣ አርም ሰርቨሩ ላይ ነው።

በራሱ ኮድ ውስጥ እንዲህ ያለ ቫሪያብል የሌለውም ሰው አይተርፍም። የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበት «ኤርኖ» ራሱ እንደዚህ ያለ ነው። ጂሊብሲ የተባለው የሊኑክስ የሲ ላይብረሪ የኤርኖን አድራሻ የሚሰጠውን ፈንክሽን «መልሱ አይለወጥም» ብሎ ስለሚያውጀው ኮምፓይለሩ ሁለተኛ ላይጠራው ይችላል።

የኮምፓይለር ሠሪዎች መከራከሪያ የታወቀ ነው፤ የቋንቋው መስፈርት ተራ ፈንክሽን መሐል ላይ ትሬድ ይቀየራል አይልም። እውነት ነው። ግን የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ለፋይበሮች (ፕሮግራሙ ራሱ ለሚቀያይራቸው የሥራ መስመሮች) ሲባል አድራሻው እንደገና እንዲሰላ የሚያደርግ «ጂቲ» የሚባል ማዘዣ አለው። ኮምፓይለሮች የሚሠሩበት ኤልኤልቪኤምም እ.ኤ.አ. በ2022 ለሲ ፕላስ ፕላስ ኮሩቲኖች የሚሆን ማስተካከያ አስገብቷል፤ የራሳቸውን ስታክ (የፈንክሽን ጥሪዎች ማስታወሻ) ይዘው የሚቀያየሩትን ኮሩቲኖች ግን አያድንም። ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ዘንድ ይኸው አቤቱታ በቁጥር 26461 የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ሌላ ኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስኬደው የኪውኢሙ ፕሮግራም ሰዎች ኮምፓይለሩን አልጠበቁም። እ.ኤ.አ. በ2022 ቫሪያብሉን በቀጥታ መንካት ትተው፣ ኮምፓይለሩ ጠሪው ውስጥ እንዳይቀላቅላቸው በተከለከሉ ትናንሽ ፈንክሽኖች በኩል ማንበብና መጻፍ ጀመሩ። እኔም ኮዴን ያዳንኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ኦ-2ም ወደ ቦታው ተመልሷል። ይህን ግን እያንዳንዱ ፕሮጀክት በየራሱ እየደከመ ሊሠራው አይገባም። ከጂሲሲ የምንጠይቀው ፈንክሽን ጥሪ ባለፈ ቁጥር አድራሻውን እንደገና የሚያሰላ አንድ ማዘዣ ነው። የሚያስከፍለውን ፍጥነት የፈለገ ይክፈል።