ምክትሉ መሪ ሲሆን የምክትሉን ወንበር ማን ይሙላው?

የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጆን ማጉፉሊ እ.ኤ.አ. ማርች 17 ቀን 2021 አረፉ። ምክትላቸው ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን በሦስተኛው ቀን ቃለ መሐላ ፈጽመው መንበሩን ያዙ። እኛ ዘንድ ዜናው እዚህ ላይ አበቃ። ከቃለ መሐላው በኋላ ባሉት 12 ቀናት የተሠራውን ሥራ ግን ልብ ያለው ጥቂት ሰው ነው።

የታንዛኒያ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ሲሞት ምክትሉ የቀረውን የሥልጣን ዘመን እንደሚጨርስ ይደነግጋል። አዲሱ ፕሬዚዳንት ከፓርቲው ጋር ተማክሮ የአዲስ ምክትል ስም ያቀርባል፤ ስሙም ከጠቅላላው የፓርላማ አባላት ከግማሽ ባላነሰ ድምፅ መጽደቅ አለበት። ሌላም ማሰሪያ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ የዛንዚባር ሰው ከሆነ ምክትሉ ከታንጋኒካ፣ ማለትም ከዋናው የብስ ወገን መምጣት ግዴታው ነው። ሳሚያ የዛንዚባር ተወላጅ ስለሆኑ የእጩዎቹ ክበብ ከመነሻው ጠበበ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ፊሊፕ ምፓንጎ ማርች 30 ለፓርላማ ቀረቡ፣ በዚያው ቀን በ363 ድምፅ ጸደቁ፣ በማግስቱ ማሉ። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ወንበር በሁለት ሳምንት ውስጥ ባለቤት አገኘ።

የኛ ሕግ ስለ ሁለተኛው ወንበር የሚለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። የምከራከረው ይህ ክፍተት የማይጎዳ ስለሚመስል እንጂ ስለማይጎዳ እንዳልታለፈ ለማሳየት ነው። የምክትሉ ምርጫ ቀን የተቆረጠለት፣ በይፋ የሚጠየቅና ለብቻው ድምፅ የሚሰጥበት መሆን አለበት፤ የሚመረጠውም ሰው ነገ መሪ ቢሆን አገር የማይደነግጥበት ሊሆን ይገባል።

ሰሜን ሸዋ የዚህን ክፍተት ዋጋ በገዛ ሜዳዋ የከፈለች አገር ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም ሲደክሙ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ፤ ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። ለዘመኑ መልካም ዝግጅት ነበር፤ ወራሽም አለ፣ ወራሹ እስኪደርስ መንግሥቱን የሚጠብቅ ሰውም አለ። ማንም ያላሰበበት እንደራሴው ራሱ ቢሞትስ የሚለውን ነው። ራስ ተሰማ በ1903 ዓ.ም. ሞቱ። ምኒልክ በሕይወት ነበሩ፣ ግን ሹመት ለመስጠት አቅም አልነበራቸውም። በራስ ተሰማ ቦታ ሌላ እንደራሴ አልተሾመም፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ የነበሩት ልጅ ኢያሱ ሥልጣኑን ራሳቸው ጠቀለሉት። በዚያው ሰሞን ራስ አባተ ቧያለው የቤተ መንግሥቱን መሣሪያ በእጃቸው ለማስገባት ሞከሩ፤ ባዶ ወንበር ሲታይ እጅ መዘርጋቱ አይቀርም።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ በዚህ አንድ ክፍተት ላይ አላላክክም፤ የሃይማኖትም የመኳንንት ሽኩቻም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፖለቲካም ነበረበት። ነገር ግን ወጣቱን ወራሽ የሚመክርም የሚገታም በሕግ የቆመ ሰው ባለመኖሩ ቅራኔው የሚፈታበት ቦታ ጠፋ። መጨረሻው በቶራ መስክና በሰገሌ የፈሰሰው ደም ሆነ። የሸዋ መኳንንት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ሲሽሩ ግን ያንን ስሕተት አልደገሙትም። ዘውዲቱን ንግሥት ባሉበት ዕለት ተፈሪ መኮንንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ አሉ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ ሲገጥሟቸው በአዲስ አበባ ሁለቱም ወንበር ተይዞ ነበር። የቀረው ጉድለት የሁለቱ ሥልጣን ድንበር አለመለየቱ ነው፤ ንግሥቲቱና እንደራሴው ምን ምን እንደሚያዙ ስላልተጻፈ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ እስኪባሉ ድረስ ቤተ መንግሥቱ በሁለት ጎራ ሲሳሳብ ኖረ።

በደርግ መጨረሻም ተመሳሳይ ነገር አይተናል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ምክትል ፕሬዚዳንታቸውን ፍስሐ ደስታን አንስተው ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳንን የተኩት በሚያዝያ 1983 ዓ.ም. ነበር። ግንቦት 13 ከአገር ሲወጡ አዲሱ ምክትል በቦታው አንድ ወር እንኳ አልሞላቸውም። በሳምንቱ መንግሥታቸው ፈረሰ። ጦርነቱን ምክትል አይለውጠውም ነበር፤ ግን የሚተካ ሰው የሚመረጠው ቤቱ ሲቃጠል ከሆነ እሳት ከማየት ሌላ የሚያደርገው የለም።

ወደ አሁኑ ሕግ እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንት አለው፣ ምክትል ፕሬዚዳንት የለውም። የማስፈጸም ሥልጣኑ በጠቅላይ ሚኒስትሩ እጅ ስለሆነ ጥያቄው የሚያርፈው በምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ላይ ነው። አንቀጽ 75 ስለሱ የሚለው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለይቶ የሚሰጠውን ሥራ ይሠራል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌለበት ይተካዋል፣ ተጠሪነቱም ለሱ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሞት ወይም ቢለቅ ምክትሉ ወዲያው ይሾማል አይልም። ምክትሉ ከፍ ቢል ቦታው በስንት ቀን እንደሚሞላም አይልም።

ይህ ጉድለት እስከ ዕድራችን ድረስ የወረደ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ ላይ የሚገኘው ምክትሉ ሰብሳቢው በሌለ ጊዜ ተክቶ ይሠራል የሚለው አንድ መስመር ነው። ሰብሳቢው ታሞ ከሆነ ይበቃል። ሲሞት ግን ባንክ የፈራሚ ለውጥ ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ ምክትሉ ሰብሳቢ ሆኖ ይፈርም ወይስ በምክትልነቱ፣ በሱስ ቦታ ማን ይፈርማል የሚለው ጭቅጭቅ ሳያልቅ ለቀስተኛው ድንኳን ይጠይቃል። ዕድር በሽማግሌ ይፈታዋል፤ መንግሥት ግን በሽማግሌ ብቻ አይቆምም።

በ2004 ዓ.ም. የሆነውን በቀን ቆጥረን እንየው። አቶ መለስ ዜናዊ ነሐሴ 14 አረፉ፤ አቶ ኃይለማርያም ደሳለኝ ቃለ መሐላ የፈጸሙት መስከረም 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ሠላሳ ሁለት ቀን ማለት ነው። ሽግግሩ ሰላማዊ ስለነበር ብዙ ሰው በዚያ ረካ። እኔን የሚያሳስበኝ በእነዚያ ቀናት ከአቶ ኃይለማርያም ኋላ ማን ነበር የሚለው ነው። እሳቸው ምክትልም፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርም፣ ተጠባባቂ መሪም ነበሩ። አንድ ነገር ቢደርስባቸው ሦስት ወንበር በአንድ ቀን ይፈታ ነበር፤ ሕጉም ከዚያ ቀጥሎ የሚያነሳው ስም አልነበረውም። ምክትሉን ከባድ ሚኒስቴር ደርቦ ማስያዝ የሚፈጥረው አደጋ ይህ ነው። በኋላም አቶ ደመቀ መኮንን ሁለቱን ደርበው ይዘው ነበር፤ ጥር 30 ቀን 2016 ዓ.ም. ምክትልነቱ ለአቶ ተመስገን ጥሩነህ፣ ውጭ ጉዳዩ ለአምባሳደር ታዬ አጽቀ ሥላሴ ተለይቶ መሰጠቱ ትክክለኛ እርምጃ ነበር። ይህ ልምድ ሆኖ እንዲቀር ግን በሕግ መጻፍ አለበት።

ከሁሉ በላይ የሚታለፈው ነጥብ በአንቀጽ 73 ውስጥ ያለው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር የሚመረጠው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት መካከል ነው። ሚኒስትሮች ግን ከምክር ቤቱ ውጭም ሊሾሙ ይችላሉ፤ ምክትሉ የምክር ቤት አባል ይሁን የሚል ቃልም የለም። ስለዚህ የምክር ቤት መቀመጫ የሌለው ሰው ምክትል ቢደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ በሌለበት ይተካል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሞት ግን የማሟያ ምርጫ ተወዳድሮ ካልገባ በስተቀር ሊመረጥ አይችልም። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ችግር አይደለም። አቶ ኃይለማርያም የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. መልቀቃቸውን ባስታወቁ በሳምንቱ ኦሕዴድ ሊቀመንበሩን ለውጦ በአቶ ለማ መገርሳ ምትክ ዶክተር ዐቢይ አሕመድን አመጣ፤ ምክንያቱም አቶ ለማ የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል አልነበሩም። ፓርቲው በፍጥነት ስላስተካከለው ሕጉ ሳይፈተን ቀረ። በየጊዜው እንዲህ እንደሚሆን ግን ዋስትና የለም።

የሌላው ዓለም ልምድ ሁለት ጽንፍ ያሳያል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. እስከ 1967 ድረስ ምክትሉ ሲጎድል የሚሞላበት መንገድ አልነበራትም፤ 16 ጊዜ ወንበሩ እስከ ቀጣዩ የሥልጣን ዘመን ባዶ ቆይቷል። ትሩማን ሩዝቬልትን ከተኩ በኋላ አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት እስኪቀሩት ድረስ ያለ ምክትል ገዙ። በ1967 የጸደቀው 25ኛው ማሻሻያ ፕሬዚዳንቱ እጩ እንዲያቀርብ፣ ሁለቱም ምክር ቤቶች በአብላጫ ድምፅ እንዲያጸድቁ አዘዘ። ቀን ግን አልቆረጠም። ኒክሰን ለቀው ጄራልድ ፎርድ በኦገስት 9 ቀን 1974 ሲተኳቸው፣ የፎርድ እጩ ኔልሰን ሮክፌለር እስከ ዲሴምበር 19 አልጸደቁም። 132 ቀን። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፎርድ ቢሞቱ ሥልጣኑ ወደ አፈ ጉባኤው ካርል አልበርት፣ ማለትም ወደ ተቃራኒው ፓርቲ ያልፍ ነበር። መዘግየቱ ጥቅምም ነበረው፤ ሮክፌለር ለባለሥልጣናት የሰጡት ስጦታና ብድር፣ ለሄንሪ ኪሲንጀር የሰጡት 50,000 ዶላር ጭምር፣ የወጣው በዚያ ምርመራ ነው።

ታንዛኒያ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ናት። ስሙ በቀረበበት ቀን ድምፅ ከተሰጠ ማንም ምንም የሚጠይቅበት ሰዓት የለም። እንደኔ ጋና ከሁለቱም የተሻለ መሃከለኛ መንገድ አሳይታለች። ፕሬዚዳንት አታ ሚልስ ጁላይ 24 ቀን 2012 ሲያርፉ ጆን ማሃማ በዚያው ቀን ማሉ፤ የማዕከላዊ ባንኩ ገዥ ክዌሲ አሚሳህ አርተር በፓርላማ ተጠይቀው ኦገስት 6 ምክትል ሆኑ። 13 ቀን። ኬንያ ቀኑን በሕገ መንግሥቷ አስፍራለች፤ ፕሬዚዳንቱ በ14 ቀን ውስጥ ያጫል፣ የአገር አቀፉ ምክር ቤት በ60 ቀን ውስጥ ድምፅ ይሰጣል። ቀን መቁረጡ ብቻውን እንደማይበቃም ኬንያ አሳይታለች። በኦክቶበር 2024 ሪጋቲ ጋቻጉዋ ከምክትልነት በተነሱ ማግስት ኪቱሬ ኪንዲኪ ታጭተው ጸደቁ፤ ጥድፊያው ግን ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ስለወሰደው ቃለ መሐላው እስከ ኖቬምበር 1 ታገደ።

ስለ ሰውየው ማንነት ጥቂት ልበል። ሳይመረጥ መንበር ላይ የወጣ አዲስ መሪ በፓርቲው ውስጥ እግሩ ገና ስላልጸና፣ የራሱ ደጋፊ የሌለውን፣ የማያሰጋውን ሰው መምረጥ ይቀለዋል። ለጊዜው ያሳርፈዋል። ምክትሉ ግን መንበሩን ለመረከብ ካልታሰበ ምክትልነቱ ስም ብቻ ይሆናል። የአካባቢ ሚዛንም ቦታ አለው፤ የናይጄሪያው ጉድላክ ጆናታን እ.ኤ.አ. በ2010 ከደቡብ ስለመጡ ከሰሜን የካዱናውን ገዥ ናማዲ ሳምቦን መርጠዋል፣ ይህም አገሪቱን አረጋግቷል። ነገር ግን ሳምቦ ክፍለ ግዛት የመሩ ሰው ነበሩ። ሚዛኑ ብቃት ካላቸው መካከል ይመረጥበት እንጂ ብቃትን አይተካ። ማላዊ ደግሞ የተኳረፈ ምክትል ምን እንደሚያመጣ አሳይታለች፤ ጆይስ ባንዳ ከገዢው ፓርቲ ተባረው በምክትልነታቸው ስለቆዩ ፕሬዚዳንት ሙታሪካ በኤፕሪል 2012 ሲሞቱ አንዳንድ ሚኒስትሮች እንዳይረከቡ ለማገድ ሞከሩ። ሕጉ ግልጽ ስለነበር በሁለት ቀን ማሉ።

ለኛ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ረጅም መንገድ ነው። የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና ከክልል ምክር ቤቶች የሁለት ሦስተኛውን ይሁንታ ይጠይቃል። እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ መሥራት ይቻላል። ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል የሚለውን ተራ አዋጅ ሊለውጥ አይችልም፤ የቀን ገደብና የአሠራር ሥርዓት ግን የምክር ቤቱ የራሱ ደንብና የአስፈጻሚ አካላት አዋጅ ቁጥር 1263/2014 ማሻሻያ ሊይዙት ይችላሉ። የምክትሉ ቦታ በጎደለ በ14 ቀን እጩ ይቅረብ፤ የእጩው የሥራ ታሪክና ሀብት ከድምፁ ቢያንስ አምስት ቀን በፊት ለአባላቱ ይታደል፤ ድምፁ ከሌሎች ሚኒስትሮች ጋር በጅምላ ሳይሆን ለብቻው ይሰጥ፤ እጩውም የምክር ቤቱ አባል ይሁን። ምክትሉ እስኪሞላ ድረስ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢታመም የትኛው ሚኒስትር እንደሚተካ በተራ የተጻፈ ዝርዝር ይኑር።

ክልላችንም ከዚህ ነፃ አይደለም። በሰኔ 15 ቀን 2011ዱ ግድያ ርእሰ መስተዳድሩን ዶክተር አምባቸው መኮንንን ካጣን በኋላ አዲስ ርእሰ መስተዳድር የተመረጠው ሐምሌ 15 ነው። ያ ወር ክልሉ ከምንጊዜውም ይልቅ ግልጽ የሥልጣን ሰንሰለት የሚያስፈልገው ወር ነበር። ከሰሜን ሸዋ ወረዳዎች ተመርጠው በክልሉ ምክር ቤት የሚቀመጡ አባላት ይህንን በአጀንዳ ለማስያዝ የማንንም ፈቃድ መጠበቅ የለባቸውም፤ የቀን ገደቡን በክልሉ ምክር ቤት ደንብ ውስጥ ማስገባት ከፌዴራሉ ማሻሻያ በፊትም ሊጀመር የሚችል ሥራ ነው።