ተራ ስልክም ይበቃል
«የልብ ታማሚዎች የርቀት ሕክምና የማያገኙት ስማርት ስልክ ስለሌላቸው ነው» መባሉ አይዋጥልኝም። ከደንቢያ ወይም ከጃናሞራ ጎንደር ድረስ ለሚመላለስ የልብ ድካም ታማሚ ተራ ስልክም ይበቃል፤ የሚጎድለው በስልኩ ለሐኪሙ የሚነገረው የክብደትና የደም ግፊት ቁጥር ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ቁርስ ሳይቀምሱ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሚዛን መመዘን፤ በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመረ ውኃ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል እግር እስኪያብጥ ሳይጠብቁ መደወል። ግፊት ሲለካም 5 ደቂቃ አርፎ፣ ክንድን በልብ ትክክል አስደግፎ፣ በ1 ደቂቃ ልዩነት 2 ጊዜ ነው፤ በጋቢ ላይ የተለካ ቁጥር ሐኪሙን ያሳስታል። የቀጠሮው ሰዓት ጉዳይማ ብዙ ሰው ይጎዳል፦ የጥሪ ቀጠሮ የሚልከው መተግበሪያ «8:00» ብሎ የላከው የጠዋቱን 2 ሰዓት ሆኖ ሳለ ታማሚው ከቀትር በኋላ 8 ሰዓት ይጠብቃል፣ ጥሪው ያመልጠዋል። በፊደላችን የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት 70 ሆሄ ብቻ ይይዛል፤ አሮጌ ቀፎ ላይ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ በድምፅ ይደወል፣ ሰዓቱም «ጠዋት 2» ተብሎ ይነገር። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ፣ መጠኑ በደም ምርመራ የሚስተካከል መድኃኒት) የሚወስዱና ልብን የሚጎዳው የቁርጥማት ትኩሳት እንዳያገረሽባቸው በየ4 ሳምንቱ ፔኒሲሊን የሚወጉ ግን በስልክ ብቻ አይሆንላቸውም፤ መርፌው በቅርብ ጤና ጣቢያ፣ የደም ምርመራው በቅርብ ሆስፒታል ካልተመቻቸ የጎንደሩ መንገድ አይቀርላቸውም።