ማስተካከያ፦ የፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ተመራቂ ቦታው ወረዳ ብቻ አይደለም
ባለፈው ለጅማ ተማሪዎች በወጣው መረጃ ላይ «ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን የተማረ የሚቀጠረው ቀበሌና ወረዳ ብቻ ነው» የሚል ሰፍሯል። ይሄ ይታረም። የሰው ሀብት፣ የግዢ፣ የዕቅድና ክትትል ሥራ የግል ድርጅትም ጋ፣ ኤንጂኦም ጋ አለ። ማስታወቂያው ላይ «ማኔጅመንት ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» የምትለዋን መስመር ሳያዩ የሚያልፉ ብዙ ናቸው፤ በር የምትከፍተው እሷ ናት፣ ብቻ የእናንተን ዲግሪ ተዛማጅ ብለው ይቀበሉ እንደሆነ ሳትመዘገቡ ጠይቁ።

«ተመራቂን መንግሥት ራሱ ይመድባል» የተባለውም ልክ አይደለም። እሱ ድሮ ቀረ፣ አሁን ተወዳድሮ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተናውን 50 ከመቶ ሳያመጡ ዲግሪ የለም።

ሌላው፣ ጅማ ከተማ አስተዳደርም ሆነ ዞኑ ላይ ለመሥራት ያሰበ አፋን ኦሮሞ ያስፈልገዋል፣ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነዋ! አማርኛ ብቻ ይዞ እዚያ ሲቪ መበተን ትርፉ ድካም ነው።