የደብረ ብርሃን የድንጋይ ቤቶች

የደብረ ብርሃን የድሮ የድንጋይ ቤቶች በብሎኬት እየተተኩ ነው። የተረፉትንም በሲሚንቶ እየገደልናቸው ነው! ግድግዳው ከውጭና ከውስጥ ሁለት ረድፍ ድንጋይ፣ መሃሉ ጭቃና ጠጠር ነው። በሲሚንቶ ሲለሰን ከመሬት የሚሳበው እርጥበት መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ይላላል፣ ግድግዳው ያብጣል። የሣር ክዳን ከግድግዳው ርቆ ይወርድ ነበር፤ ቆርቆሮው ግን በአጭሩ ተቆርጦ የክረምቱ ውሃ እግሩ ሥር ይወርዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ወደ 60 ሳንቲሜትር ማውጣትና ቦይ መቆፈር ነው። ከዚያ የላላውን መገጣጠሚያ ጠርጎ፣ ጭድ ገብቶበት ሳምንት ያህል በቦካ ጭቃ መሙላት። ያበጠውን ግን እባካችሁ አትለስኑት፤ ያ የግድግዳው ክፍል ፈርሶ፣ ሁለቱን ረድፍ የሚያያይዝ ረጅም ድንጋይ በየሜትሩ እየገባበት እንደገና ይሠራ።