አስቸጋሪ የተባለው ልጅም ይሸለም

በሰኔ መጨረሻ በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ቀን ሲከበር፣ ከ1ኛ እስከ 3ኛ የወጡት ተማሪዎች ስማቸው እየተጠራ ወደ መድረክ ይወጣሉ፤ ደብተር ወይም መዝገበ ቃላት ይቀበላሉ፤ ወላጅም ያጨበጭባል። «ልጅ ግዴታውን ስለተወጣ አይሸለምም» የሚል ሰው ባጋጠመኝ ቁጥር ይህ ሥነ ሥርዓት ትዝ ይለኛል። መሸለሙንስ እንሸልማለን፤ የምንሸልመው ግን ሽልማት ባይኖርም የሚያጠናውን ልጅ ነው። ከመቀመጫው እየተነሣ የሚያስቸግረው፣ ጓደኛውን የሚገፈትረው፣ እቤትም እሺ ማለትን የማያውቀው ልጅ ግን አንድም ቀን ስሙ በበጎ ሳይነሣ 8ኛ ክፍል ሊደርስ ይችላል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ ያዘጋጀነው ቁንጥጫ፣ ኩርኩምና ግልምጫ ነው፤ ሲብስም አለንጋና የበርበሬ ጭስ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ መሆናቸውን ደንግጓል፤ ሆኖም «ሳይቀጡት ያደገ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» እየተባልን ያደግን ሰዎች እጃችን ከሕጉ ይቀድማል። ዱላ ልጁ ማድረግ የሌለበትን ነገር ሊነግረው ይችል ይሆናል፣ ያውም የሚመታው ሰው አጠገቡ እስካለ ድረስ፤ በምትኩ ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አያሳየውም።

ይህን የተማርኩት ከልጄ ነው። ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ጠዋት ጫማ ማድረግ በቤታችን የየዕለት ጦርነት ሆኖ፣ ሰርቪሱ በር ላይ ጥሩንባ እየነፋ እሱ አልጋ ሥር ይደበቅ ነበር። መጀመሪያ «ጨዋ ልጅ ከሆንክ ለገና ብስክሌት እገዛልሃለሁ» አልኩት። ወሩ ጥቅምት ነበር። ለስድስት ዓመት ልጅ ገና በጣም ሩቅ ነው፤ «ጨዋ መሆን» ደግሞ በየትኛው ሰዓት ምን እንደሚደረግ የማይናገር ትእዛዝ ነው። በሁለተኛው ቀን ታናሽ እኅቱን ሲመታ ብስክሌቱ ቀረ ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የሚጥርበት ምክንያት አልነበረውም።

ቀጥሎ ባለቤቴ ቡፌው ላይ ባዶ ብርጭቆ አስቀመጠች። ስምምነቱ አንድ ብቻ ነበር፦ ሰርቪሱ ከመድረሱ በፊት ጫማውን ካደረገ ወዲያውኑ በገዛ እጁ አንድ ሽምብራ ይጨምራል፤ ሦስት ሲሞሉ ቅዳሜ ከእኔ ጋር ሜዳ ወርደን ኳስ እንጫወታለን። መጀመሪያ አምስት ብለን ነበር፤ ሲከብደው አይተን ነው ወደ ሦስት ያወረድነው፤ ምክንያቱም ጨርሶ አሸንፎ የማያውቅ ልጅ የመጀመሪያውን ድል ቶሎ ሊያገኘው ይገባል። በሁለተኛው ሳምንት ግን እናቴ ሰሐን ስለሰበረባት ተቆጥታ ሁለት ሽምብራ አወጣችበት። ልጁ የቀረውን መሬት ላይ ደፍቶት ወጣ። በማግሥቱ እናቴ ራሷ የወሰደችውን መለሰችለት፤ በድካሙ ያገኘው ነገር በሌላ ጥፋት እንደማይወሰድበትም ተስማማን። ከሁሉም በላይ የሠራው ይህ ይመስለኛል፤ ልጁ ቃላችንን ማመን የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ሽልማትን ከመደለያ ጋር የሚያምታቱ ብዙዎች ናቸው። ልጅ ሱቅ በር ላይ ተንፈራግጦ ሲጮኽ ዝም እንዲል የሚሰጠው ከረሜላ የጩኸቱ ዋጋ ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስኪነር በአይጦችና በርግቦች ላይ እንዳሳየው፣ አልፎ አልፎ ብቻ ምግብ ያስገኘ ድርጊት ሁልጊዜ ካስገኘው ይልቅ ለመጥፋት ያስቸግራል። አራት ጊዜ እምቢ ብሎ በአምስተኛው የሚረታ ወላጅ እንግዲህ ልጁን ጩኸት እንዲያረዝም ያለማምደዋል።

ሽልማትን የሚጠራጠሩ ሰዎች ሥጋትም መሠረት አለው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በታተመ የታወቀ ጥናት፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል መሣል ከሚወዱ ሕፃናት መካከል አስቀድሞ ሽልማት ቃል የተገባላቸው፣ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የሣሉት ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ጊዜ ነው፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን ፍላጎታቸው አልቀነሰም። ስለዚህ ልጅ ወዶ የሚያደርገውን ነገር በሽልማት መንካት አያስፈልግም፤ ሽምብራው ልጁ ለሚሸሸው ነገር ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር ላለባቸው ከትምህርት ቤት ዕድሜ በታች ላሉ ሕፃናት ከመድኃኒት በፊት የሚመክረው ለወላጆች የሚሰጥን የልጅ አያያዝ ሥልጠና ነው፤ በጎ ድርጊትን ወዲያው እያዩ ማበረታታት የዚህ ሥልጠና ዋና ክፍል ነው።

የእኛ ብርጭቆ ከገና በኋላ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ሽምብራ መጨመሩን የረሳው ልጁ ራሱ ነበር፤ የቅዳሜው ኳስ ግን አልቀረም።

መምህራንን የምጠይቀው በዘንድሮው የወላጆች ቀን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ከወጡት ቀጥሎ ሌላ ስም እንዲጠሩ ነው፦ መስከረም ላይ በየቀኑ ሲደባደብ የነበረውን፣ አሁን ግን ተራውን ጠብቆ የሚሰለፈውን ልጅ፤ ያሻሻለውም ነገር በግልጽ ይነገርለት። ለዚህ መምህሩ ከዓመቱ መጀመሪያ አንሥቶ የልጁን ለውጥ መዝግቦ መያዝ ይኖርበታል። ስልሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ይህ ከባድ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ፤ በሁለት ወይም በሦስት ልጆች መጀመር ግን ይቻላል።