የክፍለ ጊዜ ድልድል ቂም መወጫ ሲሆን

በዓመቱ መጀመሪያ የክፍለ ጊዜ ድልድል ሲለጠፍ፣ ርዕሰ መምህሩ በማን ላይ ቂም እንደያዘ ከዚያች ወረቀት መለየት የሚቻልባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። አምና በስብሰባ ላይ ስለ ውስጥ ገቢ አጠቃቀም የጠየቀ መምህር ዘንድሮ አንደኛና ሰባተኛ ክፍለ ጊዜ ይሰጠዋል፤ መካከሉን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል። ጨቅላ ልጅ ያላት መምህርት ላይ እንዲህ ያለ ድልድል ሲወድቅባት ጉዳቱ ቤቷ ድረስ ይገባል።

የትምህርት ቤቱ ሪፖርት ይህን አያሳይም። ሁለት መምህራን በሳምንት እኩል 20 ክፍለ ጊዜ ቢኖራቸው በወረቀት ላይ እኩል ናቸው። ነገር ግን አንዱ የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂን ብቻ ሲያስተምር፣ ሌላው የ9ኛና የ10ኛ ባዮሎጂ ላይ «ማሟያ» ተብሎ ዜግነት ትምህርት ከተጨመረለት፣ ሦስት የተለያየ ዝግጅት፣ ሦስት ዓይነት ፈተና ማውጣት አለበት። ማታ ቤቱ የሚሠራውን የሚቆጥርለት የለም።

ከዚህ የሚከፋው የሥራ አፈጻጸም ምዘናው ነው። በብዙ ቦታ ቅጹ በወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ተሞልቶ ይመጣና «ፈርም» ይባላል። ዓመቱን ሙሉ ክፍሉ ገብቶ ያላየው ኃላፊ ነጥብ ይሰጠዋል። ከመለስተኛ መምህርነት ወደ መምህር፣ ከዚያም ወደ ከፍተኛ መምህር ለማደግ የምዘና ውጤት ስለሚታይ፣ አንድ ዝቅ ያለ ውጤት ዕድገቱንም የደመወዝ ጭማሪውንም ያዘገያል። ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን እያወቀ በስብሰባ ላይ እጁን አያወጣም። ዝም ይላል፤ ዝምታው ደግሞ በጨጓራ፣ በራስ ምታትና በእንቅልፍ ማጣት ይወጣበታል።

ሞራል ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሞተው የማይቆጠረው ሥራ ነው። የሳይንስ ክበቡ ይበተናል፣ ሚኒ ሚዲያው ዝም ይላል፣ ለደካማ ተማሪዎች የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ይቀራል። መምህሩ አቴንዳንስ ላይ ይፈርማል፣ ያስተምራል፣ ይወጣል። በዲሲፕሊን የሚከሰስበት ምንም ነገር የለም፤ ተማሪው ግን ብዙ አጥቷል።

የፈራ መምህር «የወደቁትን ማርክ አስተካክልላቸው» ሲባልም እምቢ ለማለት አቅም ያጣል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 የትምህርት ዘመን 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። በየክፍሉ ሲታደል የኖረው ማርክ ግን አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ እሱን ማርክ የጻፈው እጅ ሁልጊዜ በፈቃዱ አልጻፈም።

ርዕሰ መምህሩም ከላይ ይጨመቃል። «ይህን ያህል በመቶ ይለፍ» የሚል ዕቅድ ከወረዳ ይወርድለታል፣ ካላሟላ ይገመገማል። በችሎታው ሳይሆን በታማኝነቱ ተመርጦ ከተሾመ ደግሞ የሚፈራው ወረዳውን ብቻ ነው። ይህ ምክንያቱን ያስረዳል እንጂ መምህሩን ማስጨነቁን ትክክል አያደርገውም።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የድልድሉ ረቂቅ ከመጽደቁ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይለጠፍ፤ በየመምህሩ ስም አንጻር የክፍለ ጊዜው ብዛት፣ የዝግጅቱ ዓይነትና የተማሪው ቁጥር ይጻፍ። አድልዎ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ሲታይ መደበቂያ ያጣል። በወሰነ ትምህርቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ክፍል ገብቶ ያልተመለከተና አስተያየቱን ለመምህሩ በጽሑፍ ያልሰጠ ኃላፊ ነጥብ መስጠት የለበትም። ማስጠንቀቂያም መምህሩ የጽሑፍ ምላሽ ሳይሰጥ ማኅደሩ ውስጥ አይግባ። መምህራን ርዕሰ መምህሩን የሚመዝኑበት ቅጽ ስም ሳይጻፍበት ይሞላ፤ የሚሰበስበውም የጉድኝት ማዕከሉ (በአንድ ላይ የተደራጁ አጎራባች ትምህርት ቤቶች) ሱፐርቫይዘር ይሁን። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከሰበሰበው የእጅ ጽሑፍ ይታወቃል፣ እውነቱን የሚጽፍም አይኖርም።

ሱፐርቫይዘሩ ለጉብኝት ሲመጣም የዝውውር ማመልከቻዎችን ይቁጠር። ደመወዙና ርቀቱ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ መምህራን ከአንዱ ብቻ በብዛት ለመውጣት የሚያመለክቱ ከሆነ፣ ወረዳው ምርመራውን ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይጀምር።