ሮዳጅ በሚኒሞ? ተው ወንድሜ

"ቮልስህን ሞተር አድሰህ ስትጨርስ ቀኑን ሙሉ በሚኒሞ ትዋል፣ ጥግ ድረስ አትርገጣት፣ ዳገት ላይም አታስጨንቃት" ያልከው የሮዳጅ (አዲስ ሞተር የማላመድ) ምክር በየጋራዡ ይነገራል። ግን አዲስ ሞተር የሚጎዳው ነዳጅ ሳትረግጥ በዝቅተኛ ዙር (በሚኒሞ) ማዋሉ ነው።

ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ከሲሊንደር ጋር የሚላመደው በራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም። ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከፋሻው ጀርባ ገብቶ ከግድግዳው ጋር ያጣብቀዋል። በሚኒሞ ይህ ግፊት ደካማ ነው። ሲሊንደሩ ላይ በአይንህ የምታያቸው የተጠላለፉ ጭረቶች ፋሻውን ሳይሞርዱት እንደ መስታወት ይለሰልሳሉ፣ ከዛ በኋላማ ዘይት ስትበላ ትኖራለች፣ መፍትሄውም መልሶ መፍታት ነው።

ካምሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ይብሳል። ዘይት በብዛት የሚያገኘው ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ሲሽከረከር ከሚረጨው ነው። ስለዚህ አዲስ ካም ከገባ መጀመሪያ ሻማዎቹን ፈትተህ የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙራት። ስትነሳ ወዲያው ወደ 2000 ዙር አድርሰህ 20 ደቂቃ ያህል ያዛት። ካርቡራተሩን ቀድመህ ብታስተካክል ይሻላል፣ እምቢ ብላ ስታንገራግር መዋል ለካሙ ጥሩ አይደለም።

ከዛ መንገድ ላይ ውጣ። በ3ኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥተህ ፍጥነት ጨምር፣ እግርህን አንሳና በራሷ ትቀንስ። ደጋግመው። ጥግ ድረስ መርገጥና ዳገትን በ4ኛ ማርሽ ማስጨነቅ ግን የለም፣ እዚህ ላይ ልክ ነህ።

ዘይቱንም አትሰስት፣ 2.5 ሊትር ነው። ቮልስ ከፋብሪካ ስትወጣ ፊልትሮ የላትም፣ ያላት ወንፊት ብቻ ነው፤ የተሞረደው ብናኝ እዛው ይዞራል። ከ20 ደቂቃዋ በኋላ ቀይር፣ 500 ኪሎ ሜትር ላይ ድገም። ያኔ የቫልቩንም ክፍተት ሞተሩ ቀዝቅዞ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካክለው።